ከድልድዩ ማዶ የመጣ ማዕድ

በትልቁ አባታችን የተዝካር ማዕድ ፊት ተንበርክኬ ሳለሁ፣ ከሦስተኛው ሳህን ላይ የራሴን የእጅ ሥራ አየሁት።

ደንግጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው እዚያው ነበር።

ጆንግሃ እባላለሁ። አንዶንግ ከተማ ዳር፣ ወንዙ በሚጠመዘዝበት በኩል፣ ሰው ሁሉ «ትልቁ ቤት» የሚለው ቤት ወራሽ ነኝ። ወራሽ ሲባል ሰው ሀብት ይመስለዋል። እኔ የወረስኩት የሚያፈስ ጣሪያ፣ አርባ የሚሆኑ ሽማግሌ ዘመዶችና በዓመት አሥራ አንድ ተዝካር ነው። ከሁሉም የሚከብዱት የዘራችን መሥራች የሆኑት የትልቁ አባታችንና የባለቤታቸው ተዝካሮች ናቸው። ሁለቱም ከሞቱ አራት መቶ ዓመት አልፏቸዋል፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ ትናንት እንደሞቱ አድርገን እናበላቸዋለን። ድሮ ሥርዓቱ የሚፈጸመው በእኩለ ሌሊት ነበር። ጎብኚ ማየት ሲጀምር ግን ወደ ረፋድ አዞርነው። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ በኋላ ፎቶ መነሳቱን ወደዱት።

የተዝካር ምግብ እንደ ሌላው ምግብ አይደለም። ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ አይነካውም። የምትሠራው ሴት ሙታኑ ሳይቀምሱ አትቀምሰውም፤ ጨው በዛ አነሰ ብላ ጣቷን እንኳ አትልስም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከቤቱ እመቤት እጅ መውጣት አለበት። የቤቱ እመቤት እናቴ ናት። በአንዶንግ የእናቴ እጅ ስም አለው።

ሦስተኛው ሳህን ላይ የነበረው ዶራጂ ነው። ዶራጂ ነጭ፣ መራራ ሥር ነው፤ ይላጣል፣ በወፍራም መርፌ እየተሰነጠቀ እንደ ክር ይቀጥናል፣ በጨው ውኃ ምሬቱ ከወጣ በኋላ በሰሊጥ ዘይት ይጠበሳል። የእናቴ ዶራጂ ሁሌም ቀጭንና እኩል ነው። ያን ቀን ግን በቀጫጭኖቹ መሃል ወፋፍራም፣ ጠማማ፣ ጫፋቸው የተበጣጠሰ ነበሩበት። ዶራጂን እንደዚያ አድርጎ የሚያበላሽ ሰው በከተማው ውስጥ አንድ ብቻ ነው። እሱም እኔ ነኝ።

የሰነጠቅኩት ደግሞ በቤቴ አይደለም። በቤቴ ወንድ ማድ ቤት አይገባም። የሰነጠቅኩት በዚያው ሳምንት ሰኞ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ካለው ከማልሱን ምግብ ቤት ነው፣ ከልጇ ከዩንሰል ጎን ቁጭ ብዬ።

የማልሱን ቤት የሚሸጠው «የውሸት ተዝካር» ነው። በድሮ ጊዜ የተራቡ ተማሪዎች ሙት ሳይኖር ተዝካር ነው እያሉ ያበስሉ ነበር ይባላል። እውነትም ይሁን ቀልድ፣ ምግቡ እስከ ዛሬ ዘልቋል። አሁን ጎብኚ ሁሉ አንዶንግ ሲመጣ እሱን ሳይበላ አይሄድም። ዩንሰል ጎብኚዎችን ወደኛ ቤት ይዛ የምትመጣ አስጎብኚና አስተርጓሚ ናት። ሁለት ዓመት በድብቅ ተዋደናል። ሰኞ ሰኞ እናቷ ስትዘጋ እኔ ከኋላ ገብቼ ሥር እሰነጥቃለሁ፣ እሷ ትስቅብኛለች። ባለፈው ሰኞ ግን መሳቋን ድንገት አቁማ፣ «ይህን ሥር ማን እንደሚበላው ብታውቅ እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለችኝ። ጎብኚ ማለቷ መስሎኝ ነበር።

በጸደዩ ዩንሰልን ላገባ እንደምፈልግ ለእናቴ ነግሬያት ነበር። «ሙት የሌለበት ተዝካር ከሚቸረችር ቤት ምራት አላስገባም» አለችኝ። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታ ላይ ጎበዝ ነኝ።

ስግደቱ አልቆ፣ በረከት ለመቅመስ በሰፊው አዳራሽ ተደርድረን ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ ከላይ፣ እኔ ከመሃል፣ ሃያ የሚሆኑ ጎብኚዎች ደግሞ ከግቢው በኩል በረንዳው ላይ። ዩንሰል በመሃላችን ቆማለች። አጎቴ ፒልጉ፣ የዘመዶቻችን ሁሉ አፈ ጉባኤ፣ ከዶራጂው በመመገቢያ እንጨታቸው አንስተው ወደ ላይ ከፍ አደረጉ።

«እይ! እጅ ማለት ይሄ ነው!» አሉ ጮክ ብለው። «የትልቁ ቤት እመቤት እጅ! ድልድዩ ማዶ እንዳለችው ቸርቻሪ መሰላችሁ? እሷማ ያገኘችውን ሳህን ላይ ገልብጣ ለፈረንጅ ተዝካር ነው ትላለች። የውሸት ምግብ፣ የውሸት እጅ!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ከጎብኚዎቹ መሃል አንዲት ሸበቶ ሴት ወደ ዩንሰል ዘወር ብላ ምን እንደሚሉ ጠየቀቻት።

ዩንሰል ተረጎመች። ቃል አልቀነሰችም፣ ቃል አልጨመረችም። ቸርቻሪዋንም፣ የውሸት እጁንም በዚያ በተረጋጋ ድምጿ በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው። ስትጨርስ አየችኝ። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። ምግቡን የሠራችው እናቷ ናት። ዩንሰል ታውቃለች። እንዳወቅኩም ታውቃለች። አሁን የምትጠብቀው ከኔ አንድ ቃል ብቻ ነው።

«አይደለም እንዴ ወራሹ?» አሉኝ አጎቴ።

አርባ ሰው አየኝ። እሷም አየችኝ። እኔ ሳህኔን አየሁ።

«ነው» አልኩ።

ዩንሰል ወደ ጎብኚዎቹ ዞረች። «ወራሹም ነው ብለዋል» አለቻቸው። ድምጿ አልተለወጠም። ምነው በተለወጠ፣ ምነው በጮኸችብኝ አልኩ በልቤ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

*

እንግዶቹ እንደሄዱ ልማዱን ጥሼ ወደ ማድ ቤታችን ገባሁ። እናቴ ብቻዋን ሳህን ታደርቃለች፤ በግራ እጇ። ቀኝ እጇ ሽርጧ ስር ነበር።

«እማዬ፣ ዶራጂውን ማን ሰነጠቀው?»

«ማን ይሰነጥቀዋል? እኔ ነኛ።»

«እኔ ነኝ የሰነጠቅኩት። ሰኞ ዕለት። ማልሱን ቤት ቁጭ ብዬ።»

ሳህኑን አስቀመጠችው። «አንተ? የዚህ ቤት ወራሽ? የሰው ማድ ቤት ገብተህ ሥር ሰነጠቅክ?»

«አሁን የሚያስደነግጥሽ እሱ ነው?»

ቀኝ እጇን ቀስ ብላ ከሽርጧ ስር አውጥታ በመሃላችን ባለው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ይንቀጠቀጣል። በጣቶቿ ጫፍ ጠረጴዛውን እየመታ ድምፅ ያሰማል። ልጇ ሆኜ፣ አንድ ጣሪያ ስር እያደርኩ፣ ይህን አላየሁም ነበር።

«ስድስት ዓመት ሆነው» አለች። «መጀመሪያ ቢላው ከበደኝ። ቀጥሎ ማንኪያው። ሐኪሙ ዕድሜ ነው አለኝ። አርባ ሰው ዓይን ዓይኔን እያየ ሆድ አይብሰኝ? አንድ ቀን ጨለም ሲል ድልድዩን ተሻግሬ ማልሱን በር ላይ ቆምኩ። ምንም ሳልናገር እጄን አየችው። 'ይግቡ እሜቴ፣ ይበርድዎታል' አለችኝ። በቃ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በኋላ በር ታመጣለች፣ ታስቀምጣለች፣ ትሄዳለች። አንድ ቀን ለአንድ ሰው ትንፍሽ አላለችም።»

«ታዲያ ልጇን ለምን ገፋሻት? እንዲህ ያለች ሴት ልጅ…»

«ለዚያው ነዋ!» ጮኸችብኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ልጇ ምራቴ ከሆነች እሷ ዘመዴ ልትሆን ነው። በየበዓሉ ፊት ለፊቴ ልትቀመጥ ነው። እኔ ያቺን ሴት ቀና ብዬ የማይበት ዓይን የለኝም! ገባህ? ሰው ፊት ስትሰደብ አብሬ ዝም ያልኩ ሴት ነኝ። ንቄያት መስሎሃል? ምነው በናቅኳት፣ ይቀለኝ ነበር።»

ላጽናናት እጇን ልይዝ ሞከርኩ፤ ነጥቃኝ እንደገና ሽርጧ ስር ደበቀችው። «ለማንም አትናገርም» አለችኝ። እኔም እሺ አልኳት፤ እሺ ማለትም እንደ ዝምታው ይሳካልኛል። ከማድ ቤቱ ስወጣ የሁለት ሴቶች ሸክም ትከሻዬ ላይ ነበር፤ አንዷን ላወርድ ሌላዋን መጣል ሊኖርብኝ ነው።

*

በማግሥቱ ለምሳ ሰዓት ድልድዩን ተሻገርኩ። በማልሱን በር ላይ ጎብኚ ተሰልፏል። ሴትዮዋ በጎብኚ መሃል እየተሽሎከለከች ከሩቅ አየችኝና ፊቷ በራ።

«ና ግባ ልጄ! ከስተሃል። ትናንት ብዙ ሰገድክ መሰለኝ፣ ጉልበትህ እንዴት ነው?»

አትሰድበኝም፣ አታኮርፈኝም። ጉልበቴን ነው የምትጠይቀኝ። የትናንቱን ነገር ልጇ እንዳልነገረቻት ገመትኩ። ሳህን ይዛ ስታልፍ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አትጨነቅ፣ ሽማግሌ የሚለው አያልቅም» አለችኝ። ነግራታለች።

ዩንሰል የአኩሪ አተር ማጣፈጫ የሚብላላባቸው ማሰሮዎች ወደተደረደሩበት የኋላ ግቢ ይዛኝ ወጣች። አንቱ አለችኝ። ሰው ፊት ሁሌም አንቱ ትለኝ ነበር፤ ብቻችንን ሆነን ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ምን ፈልገው ነው?»

«ዩንሰል፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ…»

«እዚህ? ከማሰሮዎቹ ጋር?» ፈገግ አለች፤ ደስ የማይል ፈገግታ። «አርባ ሰው ፊት ያሉትን ነገር ለማሰሮ ነው የሚያስተባብሉት?»

«እናቴ ናት። እጇ… ሰው ቢያውቅባት ትሞታለች። እናቴን አዋርጄ ልናገር?»

«የእርስዎ እናት እንዲከበሩ የኔ እናት ትሰደብ፤ ይህ ነው የሚሉኝ?»

«አላልኩም።»

«አላሉም። እርስዎ እኮ ምንም አይሉም። እኔ ነኝ የምለው። ስድቡን ለሃያ ሰው የተረጎምኩት እኔ ነኝ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ተርጉሜያለሁ፣ እንደዚያ 'ነው' እንደምትለው ቃል የከበደኝ የለም። ሁለት ፊደል ናት። ቀና ብለው ሊውጧት ይችሉ ነበር።»

ዓይኗ ውስጥ እንባ አልነበረም። ልቤን የሰበረው ያ ነው። አልቅሳልኝ ቢሆን ገና የኔ ናት እል ነበር።

ደብዳቤዋን ያገኘሁት የትልቁ አባታችን ባለቤት ተዝካር ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። በቤታችን በረንዳ ላይ ጎብኚዎች አስተያየት የሚጽፉበት፣ ከቤቱ ሰው ከኔ በቀር ማንም የማያነበው ደብተር አለ። «ጣሪያው ያምራል»፣ «ወለሉ ይሞቃል»፣ «ሾርባው ጨው ያንሰዋል» ከሚሉት መሃል በንጹሕ እጅ ጽሑፏ እንዲህ ይላል፦

«ጆንግሃ፣ ያን ቀን ሸበቶዋ ጎብኚ ስትሄድ ምግቡን ማን እንደሠራው ጠየቀችኝ። የቤቱ እመቤት ናቸው አልኳት። በሥራዬ ዋሽቼ አላውቅም ነበር፤ ላንተ ብዬ ዋሸሁ። በእናቴ ሥራ አፍሬ አላውቅም። ያፈርኩት ቆሜ ቃልህን በመጠበቄ ነው። የትልቁ አባታችሁ ባለቤት ተዝካር በዚህ ቤት የመጨረሻ ሥራዬ ይሆናል፤ ሩቅ ቡሳን ከተማ ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ። እናቴ ለተዝካሩ ምግቡን ታመጣለች። አታምጪ ብዬ ለመንኳት። 'ሙታኑ ምን አደረጉኝ?' አለችኝ። ሥሩን ያለ አንተ ሰነጠቅነው፤ ቶሎ አለቀ።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አላውቅም። ከሌሎቹ ሁሉ እሷ አቃጠለችኝ።

*

የትልቁ አባታችን ባለቤት ተዝካር ከባላቸው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ያን ረፋድ ነጩን ልብስና ጥቁሩን ቆብ ለብሼ ስሰግድ ጸሎት አላደረግኩም። አንድ ነገር ብቻ እየደጋገምኩ ነበር፦ ዛሬ ዝም ካልኩ ለዘላለም ዝም አልኩ ማለት ነው።

ለበረከት ተቀመጥን። ዩንሰል በቦታዋ ቆመች፤ ወደኔ አታይም። አጎቴ ፒልጉ እንደ ልማዳቸው አንድ ጉርሻ ዶራጂ አነሱ። ዛሬ ሁሉም ቀጭንና እኩል ነው።

«እጅ ማለት…» ብለው ጀመሩ።

ተነሣሁ።

«አጎቴ፣ ይህ የእናቴ እጅ አይደለም። ድልድዩ ማዶ ያለችው ማልሱን ናት የሠራችው። ዛሬም፣ የዛሬ ሦስት ሳምንትም፣ ስድስት ዓመት ሙሉ።»

ቁጣ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር። አጎቴ ግን እንጨታቸውን ቀስ ብለው አስቀምጠው፣ «ተቀመጥ» አሉኝ፤ ዝቅ ባለ፣ ደከም ባለ ድምፅ። «ተቀመጥ ልጄ። የማናውቅ መሰለህ?»

አልገባኝም። ሽማግሌዎቹን አየሁ። አርባ ሰው ሳህን ሳህኑን ያያል።

«እናትህ ጽዋ ስታቀብል እጇን አላየንም? ዕውር ነን?» አሉ። «እንዳታፍር ብለን ነው ያወደስነው።»

«ማልሱንንስ? እሷን ለምን ሰደቧት?»

«ሰው እንዳይጠረጥር ነዋ» አሉ አጎቴ።

የዚያን ጊዜ የተሰማኝን እንዴት ልበለው። እኔ የራሴን ውርደት ብቻዬን የተሸከምኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አዳራሹ ሙሉ ተካፍለነዋል። እናቴ ከኛ፣ እኛ ከእናቴ ስንደባበቅ፣ ስድቡን ሁሉ የበላችው ምግቡን የሠራችልን ሴት ናት።

ከበረንዳው ሸበቶዋ ጎብኚ፣ ለዚህኛው ተዝካር ተመልሳ የመጣችው፣ ዩንሰልን ልብሷን ጎተት አድርጋ ጠየቀቻት። ዩንሰል መተርጎም ጀመረች። ድምጿ ዛሬ አልተረጋጋም፤ በየመሃሉ ትቆማለች። እንድትደርስብኝ ቀስ ብዬ ተናገርኩ።

«አርባ ሰው ሆነን የአንዲትን ሴት ክብር ለመሸፈን ሌላዋን ጭቃ ቀባናት። ባለፈው 'ነው' ያልኩት ውሸት ነበር። እያወቅኩ ነው የዋሸሁት። ያን ቀን ከበላችሁት ውስጥ ጠማማውን ሥር የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ፤ በማልሱን ቤት፣ በገዛ እጄ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ለዚያ ነው ሆዴን የቆረጠኝ?» አሉ። ማንም አልሳቀም።

«ወራሽ ሚስት ያግባ እያላችሁ ዓመት ሙሉ ትነዘንዙኛላችሁ» አልኩ። «የምወዳት አንዲት ሴት ናት። ፈቃዷን የማግኘት ፊት ባይኖረኝም፣ ስሟን በእናንተ ፊት ለመጥራት ሁለት ዓመት ዘግይቻለሁ። የማልሱን ልጅ ዩንሰል ናት። አሁን እዚህ ቆማ የምትተረጉመው።»

ዩንሰል አፏን ከፈተች። ሃያ ጎብኚ አፍ አፏን ያያል። ሸበቶዋ ሴት በጉጉት አንገቷን አስግጋለች። ዩንሰል እስከ አንገቷ ቀላች፤ ከዚያ ለነሱ ጀርባዋን ሰጥታ ወደኔ ዞረች።

«ይሄንን አልተረጉምም» አለች፤ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። እንባዋ አሁን ገና መጣ። «ከማንም በፊት እናቴ ትስማው። ሂድና ንገራት፣ አንተ።»

አንተ አለችኝ። በአርባ ሰው ፊት።

ልመልስላት ስል ከማድ ቤቱ በኩል የተንሸራታች በር ድምፅ ሰማን። እናቴ ናት። ሁሉን ሰምታለች። ሽርጧን አውልቃ፣ ሁለት እጆቿን ለሰው እንዲታዩ አድርጋ ወደ አዳራሹ ወጣች። ቀኙ ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌዎቹ ሊደግፏት ሲነሡ በዓይኗ መለሰቻቸው። ዩንሰል ፊት ደርሳ ቆመች፤ ቀና ብላ ልታያት ሞከረች፣ አልሆነላትም፣ ደግማ ሞከረች።

«ልጄ፣ እናትሽ አሁን ቤት አለች?»

«አለች እሜቴ። ግን የምሳ ሰዓት ነው። ጎብኚ እስከ ድልድዩ ተሰልፏል፣ ቀና የምትልበት ጊዜ የላትም።»

እናቴ ጎንበስ ብላ ከደረጃው ስር ጫማዋን ፈለገች።

«እንግዲያው ወረፋ እንይዛለን» አለች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ቀልቶ ነበር፤ የኔም እንደዚያው።